ትርንጎን ከሰርጓ ላይ ማጥፋት

ሰኞ

ጥቁር። አጥፍቼ አበራሁት፣ ጥቁር። ገመዱን ነቅዬ መልሼ ሰካሁት፣ ጥቁር። ከላይ በግራ ጥግ አንዲት ነጭ ሰረዝ ብልጭ ድርግም ትላለች። ሌላ ምንም የለም።

ጥፋቱ የኔ ነው፤ የኔ ብቻ ግን አይደለም። ጠዋት የግራፊክስ ካርዱን ድራይቨር ለማደስ አዘዝኩት። ድራይቨር በኮምፒውተሩና በካርዱ መካከል ቆሞ የሚያስተረጉም ነገር ነው፤ እሱ ከሌለ ካርዱ እዚያው ተሰክቶ ዝም ነው። ማውረዱን ጨርሶ መጫን እንደ ጀመረ መብራት ሄደ። ጀነሬተሩ ውስጥ ናፍጣ አልነበረም። መብራቱ ሲመለስ ይኸው።

ያሲን የስቱዲዮው ባለቤት ነው። እናቱ የመተማ ሰው ናት፤ እሱ ግን እዚሁ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ተወልዶ ያደገ ነው፤ ሲናደድ አማርኛ ያልቅበታል። ዛሬ ገና ከበሩ ሲገባ አለቀበት። "ሹፊ! እዪ! ምን አደረግሽው? ዋላሂ አንቺን ወደ መጣሽበት ነው የምልክሽ!" ሊያደርገው ይችላል። የሥራ ወረቀቴን የሚያሳድስልኝ እሱ ነው። እሱ ከተወኝ ድንበሩ አጠገብ ወዳለው የስደተኞች መጠለያ ነው የምመለሰው። እዚያ አንድ ክረምት ከርሜያለሁ። ሌላ አልችልም።

ለምን ላድሰው እንደ ተነሳሁ እዚህ ልጻፈው። ሌላ የምነግረው ሰው የለኝም።

ቅዳሜ እትዬ አዛለች መጥተው ነበር። እትዬ አዛለች ለሰሊጥ አጨዳ ከጎንደር ለሚመጣው ሠራተኛ ምግብ ቤት ያላቸው ሴትዮ ናቸው። እዚህ ያለ አበሻ ሰርግ ሲደግስ "ያሲንን ጥሩት" የሚሉት እሳቸው ናቸው። እሳቸው ከተቀየሙ ይሄ ቤት ይዘጋል። አንድ ልጅ ነበራቸው፣ ጌጡ የሚባል፣ ትራክተር ነጂ። ከመስቀል በኋላ አገባ። ሰርጉን የቀረጽኩት እኔ ነኝ። አጨዳው ሳያልቅ ሀዋታ አጠገብ ትራክተሩ ተገልብጦበት ሞተ። ፊልሙን ገና አልጨረስኩትም ነበር።

አሁን የሚፈልጉት ፊልሙ እንዲያልቅ ነው፤ ሙሽራዋ ግን አትኑርበት። ቁረጪያት አላሉኝም። ያሉኝ እንዲህ ነው፦ "ልጀ ይኑር። እሷን አጥፊልኝ። ከጎኑም፣ ከእጁም፣ ካለችበት ሁሉ።"

ሰውን ከምስል ውስጥ የሚያጠፋ ፕሮግራም አለን። ስከፍተው "ድራይቨሩ አርጅቷል፣ አድሺ" አለኝ። ላድስ ስል ጠቆረ።

ሙሽራዋ ስሟ ትርንጎ ነው።


ማክሰኞ

ትንሽ ድል። ስክሪኑ ጠቆረ እንጂ ኮምፒውተሩ አልሞተም።

የሳተላይት ኢንተርኔት ያለው ሻይ ቤት ሄጄ በስልኬ ሳነብ ዋልኩ። የዓለም ሰው ሁሉ ስክሪኑ ጠቁሮበት ኖሯል። አንዱ፣ ኮንትሮል፣ ኦልትና ኤፍ ሦስትን አንድ ላይ ተጫኑ ይላል። ተመልሼ ተጫንኩ። ጥቁሩ ላይ ነጭ ፊደል መጣ። ስም ጠየቀኝ፣ ፓስወርድ ጠየቀኝ፣ ገባሁ። ምስል የለም፣ ማውስ የለም፤ ጽሑፍ ብቻ። ፋይሉ ግን ሁሉም አለ። የሰርጉ ፎልደርም አለ፤ አልተነካም።

ሊኑክስ የሚባለውን የኮምፒውተር ሥርዓት የጫነልን ከካርቱም በጦርነቱ የተፈናቀለ ተማሪ ነበር። የማውቀውን ሁሉ እሱ ነው ያሳየኝ። ወደ ከሰላ ከሄደ ወዲህ ስልኩ አይነሳም።

በግማሽ የቀረውን ጭነት አስጨረስኩት። ሪስታርት አደረግኩ። ጥቁር። እንደገና በጽሑፉ ገብቼ ኮምፒውተሩ ስህተቱን የጻፈበትን ፈለግሁ። "ይህን ካርድ አላውቀውም" ይላል በአጭሩ። የጫንኩት የመጨረሻውን አዲስ ድራይቨር ነው፤ ካርዳችን ደግሞ ከፖርት ሱዳን ያገለገለ የተገዛ አሮጌ ነው። አዲሱ ድራይቨር አሮጌዎቹን ጥሏቸዋል። ከድሮው የሚሻል፣ ከአዲሱ የሚያንስ መካከለኛ መፈለግ አለብኝ።

ከሰዓት ያሲን ገበያ ወጥቶ ሳለ ትርንጎ መጣች። ቢጫ አበባ ያለበት ቀሚስ ለብሳለች። ባል የሞተባት ሴት! አፍጥጬ ሳያት ገባት። "አማቴ ከል እንዳልለብስ ከልክላኛለች" አለችኝ። "ምኑ ነሽና ትለብሽለታለሽ አለችኝ።"

ወንበር ሰጠኋት፤ አልተቀመጠችም።

"እታለም፣ የሰርጌን ነገር ብየ ነው።"

"ኮምፒውተሩ ተበላሽቷል" አልኳት። እውነት ነው። እውነት በመሆኑ ደስ አለኝ። በእውነት ሰው ሲዋሽ እንዲህ ነው።

"ሁሉንም አይደለም የምልሽ። እኔና እሱ ያለንበትን ትንሽ ብቻ። አገሬ ልትሰደኝ ነው። አባቴን ሳላስፈቅድ ነው ከአጫጆቹ ጋር የመጣሁት፤ ማግባቴን አያውቅም።" ከዚያ ሆዷን ሳይሆን በሩን እያየች፣ "ፀንሻለሁ" አለች። "እንዲህ ሆኜ ስገባ የማን ነው ቢለኝ ምን አሳያለሁ? ሽማግሌዎቹ የአጨዳ ሰዎች ነበሩ፤ ተበትነዋል። እዚህ ያለው ሰው ደግሞ የእሷን እንጀራ እየበላ ለኔ አይናገርልኝም።"

ሲሠራ እደውልልሻለሁ አልኳት። ስልክ የላትም። ስልኳንም ወስደውባታል።

ሄደች። ያዘዙኝን አልነገርኳትም።


ረቡዕ

መካከለኛውን ድራይቨር አገኘሁት። ሻይ ቤቱ ሲዘጋና ሲከፈት፣ ኢንተርኔቱ ሲመጣና ሲሄድ፣ ለማውረድ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። አዲሱን ነቀልኩ፣ ይሄንን ጫንኩ። አልተጫነም። ድራይቨሩ ከከርነሉ ጋር ተገጣጥሞ መሠራት አለበት፤ ከርነል የሥርዓቱ ልብ ነው። ሰኞ ድራይቨሩን ሳድስ ከርነሉም አብሮ ታድሷል፤ ለመገጣጠሚያ የሚያስፈልጉት ፋይሎች ግን መብራት ሲሄድ ቀርተዋል። አንዱ ሲገኝ አንዱ ይጎድላል። ራሴን አመመኝ።

እትዬ አዛለች ሳይጠሩ መጡ። ያሲን ተነስቶ ወንበሩን ለቀቀላቸው። ነጭ ፊደሎቹን ትንሽ አዩና፣ "ይሄ ነው ልጀ?" አሉ። ያሲን ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። እናት ናቸው፣ ፊታቸው ከሰል መስሏል። ላዝንላቸው ነበር።

"ይደርሳል፣ ያ እትዬ፣ ቡክራ፣ ነገ፣ ይደርሳል" አላቸው ያሲን።

"ሲያልቅ የመጀመሪያውን ቅጂም ታጠፉታላችሁ። እፊቴ፣ እያየሁ። እሷ ያለችበት አንድ ምስል ከዚህ ቤት እንዳይወጣ።"

"ሀዲር" አለ ያሲን። እሺ ማለቱ ነው።

እንዴት እንዳመለጠኝ አላውቅም። "እትዬ፣ እርጉዝ ናት እኮ" አልኳቸው። አያውቁም ብዬ ነበር። ሲሰሙ ይደነግጣሉ፣ ያለቅሳሉ፣ የልጄ ልጅ ይላሉ ብዬ ነበር።

ቀና ብለው አዩኝ። "አውቃለሁ" አሉ። "ከኔ ቤት እያደረች አይጠፋኝም። ገና ሳይገፋ ትሂድ ብየ እኮ ነው ቶሎ በይ የምልሽ።"

"የጌጡ ነው እኮ።"

"ልጀን በላች። በገባች በወሩ በላችው። ገፊ ናት። ከገፊ የሚወለድም ገፊ ነው። እኔ ሁለተኛ አልቀብርም።"

ይሄን ሲሉ ድምፃቸውን እንኳ ከፍ አላደረጉም። ተነስተው ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ።

ያሲን እስከ በሩ ሸኝቷቸው ተመለሰና ስልኬን ተቀበለኝ። ሥራው እስኪያልቅ እሱ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል፣ ማታ ማታ ይሰጠኛል። "መዓሊሽ፣ አይክፋሽ" አለኝ። "አንቺን ሳይሆን አፍሽን ነው የፈራሁት።"


ሐሙስ

በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ጠዋት ሻይ ቤት ሄጄ የጎደሉትን ፋይሎች በፍላሼ ይዤ መጣሁ። ያሲን ወንበሩን አስጠግቶ ከጎኔ ተቀመጠ፣ የሐብሐብ ፍሬ እየቆረጠመ። ፍላሹን ሰካሁ። በጥቁሩ ስክሪን ላይ በትዕዛዝ ከፈትኩት።

ያኔ ነው የመጣልኝ። ያሲን የሚያየው ነጭ ፊደል ብቻ ነው። ለሱ ሁሉም ጥገና ነው።

የሰርጉን ፎልደር ከፈትኩ። ፍላሹ ላይ የቀረው ቦታ ትንሽ ነው፤ ሁሉንም አይዝም፣ ሩቡንም አይዝም። ደግሞ ምስሉ አይታይም። የፋይሎቹ ስም ቁጥር ነው፣ ከጎኑ የተቀረጸበት ሰዓት አለ፣ በቃ። የዚያን ቀን ነገር በጭንቅላቴ ማስኬድ ያዝኩ። ጠዋት ሚዜዎቹ። ቀትር ላይ ድንኳን፣ ምሳ፣ ምርቃት። ከዚያ ጭፈራ። ምርቃቱ ከምሳ በፊት ነበር ወይስ በኋላ? እግዜር ያሳይሽ፣ ያን ቀን ስንት ነገር እያየሁ አንዱንም አላየሁም ነበር። የቀትርን ሁለት፣ ከሰዓቱን አንድ መረጥኩ። በጭፍን።

ቅዳ ብዬ አዘዝኩት።

"ምንድነው የጻፍሽው?" አለ ያሲን።

"ድራይቨሩን እያዘዝኩት ነው።"

ነጩ ሰረዝ ቆመ። የፍላሹ መብራት ግን ብልጭ ብልጭ ይላል። ቆየ። ቆየ። እግሬን ሳንዳሌ ውስጥ አላበኝ።

"ለምን ቆመ?"

"አልቆመም፣ እየሠራ ነው።"

"ሲጨርስ ይናገራል?"

"ሲጨርስ ዝም ይላል። ሲሳሳት ነው የሚናገረው።"

ይሄም እውነት ነው። ያሲን ፍሬውን እየቆረጠመ አየኝ እንጂ ስክሪኑን አላየም። ሰረዙ ወደ ታች ወረደ። ምንም አልተናገረም። ተቀድቷል።

ከዚያ እውነተኛውን ሥራ ሠራሁ። የጎደሉትን ፋይሎች ጫንኩ፣ ድራይቨሩን እንደገና አስጀመርኩት። በዚህኛው ተገጣጠመ። ሪስታርት። ጥቁር፣ ጥቁር፣ ጥቁር፣ ከዚያ ቀለም! ሰማያዊው ጀርባ፣ መስኮቶቹ፣ ሁሉም። ጮህኩ። እልል ልል ምንም አልቀረኝ። ያሲንም አጨበጨበ፣ ትከሻዬን መታኝ። ለአፍታ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ለምን እንደ ጠገንኩት ትዝ እስኪለኝ ድረስ ብቻ።

"ፍላሹን አሳዪኝ" አለ።

ከፈተው። የጫንኳቸው ፋይሎች ብቻ ታዩ። የቀዳሁትን ያኖርኩበት ፎልደር ስሙ በነጥብ ይጀምራል፤ ሊኑክስ በነጥብ የሚጀምር ስም ይደብቃል። እሱ ይሄን አያውቅም። ወደ ላይ ወደ ታች አለና ነቅሎ ሰጠኝ። "ከዚህ በኋላ ምንም አይሰካም" አለ። የኮምፒውተሩን ቀዳዳዎች በፕላስተር ለጠፈ።


ዓርብ

ያሲን ለጁምዓ ሲሄድ እህቱን ከኋላዬ አስቀመጠብኝ። ምንም አትለኝም፤ ዓይኗ ግን አይነሳም።

አጠፋኋት።

ፕሮግራሙ እንዲህ ነው የሚሠራው፤ በመጀመሪያ ሰውየዋን ምልክት ታደርጊባታለሽ፣ ፊቷን ደህና አድርገሽ ታሳይዋለሽ፣ ከዚያ እሱ በየምስሉ ተከትሎ ያገኛታል። እሷ የነበረችበትን ቦታ በጀርባው ይሞላዋል፤ በድንኳኑ ጨርቅ፣ በሰው ልብስ። ለማጥፋት ደህና አድርጎ ማየት ያስፈልጋል። ከማንም በላይ አይቻታለሁ።

መካከለኛው ድራይቨር ይበራል። የዱሮው ቀን ሙሉ የሚፈጅበትን ይሄ ሻይ እስኪፈላ ይጨርሳል።

እጃቸውን ተያይዘው የሚገቡበት ላይ የጌጡ እጅ አየር ላይ ቀረ። ምንም ሳይዝ እንደ ተዘረጋ ይሄዳል። የሚያጎርሳት ቦታ ላይ እንጀራው ከእጁ ላይ ይጠፋል፤ የት እንደ ሄደ አይታይም። እሱን ቆረጥኩት። ጭፈራው ላይ ጥላዋ መሬት ላይ ቀርቶ ነበር፤ አፈር ላይ ብቻውን ይደንሳል። እሱንም ለይቼ አጠፋሁት። ማንም አላዘዘኝም። እንዲህ ሆኖ ሲቀር ሥራው ያስጠላል ብዬ ነው።

ጥሩ ሥራ ነው። ይሄን መጻፍ አለብኝ፤ ጥሩ ሥራ ነው፣ በእኔም እጅ ነው የተሠራው።


ቅዳሜ

እትዬ አዛለች ብቻቸውን መጡ። ያሲን ትልቁን ስክሪን አዞረላቸው። ከጀመረበት እስካለቀበት አላነቡም። ጌጡ ካባውን ለብሶ ብቻውን ይገባል፣ ብቻውን ይቀመጣል፣ ሰው ሁሉ ዙሪያውን እልል ይላል። የሚጨፍርበት ላይ ሲደርስ እጃቸውን ስክሪኑ ላይ አደረጉ።

"ብቻውን" አሉ። "እንዲህ አርጌ ነው የወለድኩት።"

ከዚያ ወደ ያሲን ዞሩ። የመጀመሪያውን ፎልደር እያዩ አጠፋው። የኮምፒውተሩን ቆሻሻ መጣያም ባዶ አደረገው። "ኸላስ፣ አለቀ" አላቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

ሊወጡ ሲሉ እኔ ጋ ቆሙና እጄን ያዙኝ። "እጅሽ ይባረክ" አሉኝ።

አሜን አልኩ። አፌ ለምዶ ነው፤ ከመናገሬ በፊት ወጣ።

ለያሲን በሩ ላይ ሲነግሩት ሰማሁ፤ ነገ ጠዋት ወደ ድንበሩ፣ ወደ ገላባት የሚሄድ ሎሪ ላይ ለትርንጎ ቦታ ይዘውላታል።


እሑድ

ሎሪው የቆመው ከገበያው ኋላ፣ የሰሊጥ ጆንያ የሚራገፍበት ቦታ ላይ ነበር። የሚመለሱ አጫጆች ጥላ ፈልገው ተቀምጠዋል። ድንበሩ ክፍት ነው የሚልም አለ፣ ዝግ ነው የሚልም አለ። ትርንጎ ከሌሎቹ ራቅ ብላ በአንዲት ፌስታል ላይ ተቀምጣለች። ያው ቢጫ ቀሚስ።

ስታየኝ አልተነሳችም።

"አንቺ ነሽ አሉ ያጠፋሽኝ።"

"አዎ" አልኩ።

"ምግብ ቤት ሁሉም ተሰብስቦ አየው። እኔ ከጓዳ ሆኜ ሰማሁ። ሰው አጨበጨበ።"

አጠገቧ ቁጭ አልኩና ጠዋት ከሻይ ቤቱ በተዋስኩት ማገናኛ ፍላሹን ስልኬ ላይ ሰካሁ። ያተረፍኩት ምን እንደ ሆነ እኔም አላየሁትም ነበር። የመጀመሪያውን ከፈትኩ፤ ድስትና ሰው ብቻ፣ ምሳ ነው። ሁለተኛው ጭፈራ ነው፤ ሚዜዎቹ ሲዘሉ፣ የጌጡ ጀርባ፣ እሷ በአንድ ጥግ ቬሏ ብቻ ሲያልፍ። ለዚህ ነው እንዴ?

ሦስተኛው ምርቃቱ ነው። ሁለቱም አሉ፤ ጎን ለጎን፣ ሽማግሌው ከፊታቸው ቆመው ስማቸውን እየጠሩ ሲመርቁ። "ጌጡና ትርንጎን" ይላሉ ጮክ ብለው። ሙቀት ነበር። እትዬ አዛለች ከጎን መጡና በነጠላቸው ጫፍ የትርንጎን ግንባር ላብ ጠረጉላት። ካሜራው ወደሳቸው ሲዞር እጃቸውን አወናጨፉ፤ "ተይ፣ እኔን ምን ታረጊኛለሽ፣ ልጀን ቅረጭ፣ ልጀን!" አሉ፣ እየሳቁ፣ ወደ ትርንጎ እየጠቆሙ።

ትርንጎ ስልኩን ከእጄ ወሰደች። ወደ ኋላ መለሰችው። ባሏን ፈልጋ መስሎኝ ነበር። አይደለም። ላቡን የሚጠርጉላት ላይ አቆመችው፤ እንደገና "ልጀን" እስኪሉ ለቀቀችው። እንደገና መለሰችው።

"ትወደኝ ነበር" አለች። "አየሽ?"

"አየሁ።"

"አባቴ ይሄን ካየ ይበቃዋል።" ፍላሹን ነቅላ፣ ስልክ ቁጥሬን ከጻፍኩላት ወረቀት ጋር በመሐረቧ ጫፍ ቋጠረችው። "ስታጠፊኝ ፊቴን ታዪው ነበር?"

"አዎ። ማየት አለብኝ።"

"ምን ይመስል ነበር?"

"ይስቅ ነበር" አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች፤ እንደሚያውቅ ሰው። ይቅር አላለችኝም። አልጠየቅኳትምም። ሾፌሩ "ያላ! ያላ!" እያለ በሩን ደበደበ፤ አጫጆቹ ተነሱ፤ አንዲት ትልቅ ሴት እጇን ሰጥታ ጎትታ አወጣቻት። ሎሪው አቧራውን አንስቶ ሄደ። እጇን አላወዛወዘችም።

ስመለስ ያሲን ሌላ ሰርግ እንዳለ ነገረኝ። ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። ያለ ምንም ችግር ተከፈተ።

ማምሻውን ከማላውቀው የኢትዮጵያ ቁጥር ሚስኮል መጣ። አንዴ ጠርቶ ተዘጋ። መልሼ ስደውል አይሠራም ይላል። የተሳሳተ ሰው ሊሆን ይችላል። ድንበሩን አልፋ ከሰው ስልክ ለምና የደወለችም ሊሆን ይችላል። እሷ ናት ብያለሁ። ቁጥሩን በስሟ መዝግቤዋለሁ።